በቤት የተለካ ስኳር የምርመራ ውጤትን አይተካም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ በየፋርማሲው መገኘቱ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችም ለወላጆቻቸው እየገዙ መላካቸው የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ ሙያ ላይ ያለሁ እንደመሆኔ፣ ሕመሙ ሳይኖርባቸው በዘር እንዳይመጣባቸው የሚሰጉ ሰዎች ጣታቸውን ወግተው ባገኙት አንድ ቁጥር እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሌሎች ደግሞ በዚያው ቁጥር ተጽናንተው ምርመራ ሲተዉ እመለከታለሁ። ሁለቱም ወገኖች መሣሪያው ከተሠራለት ዓላማ በላይ ይጠብቁበታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የደረጃ መስፈርት፣ ስኳሩ በዴሲ ሊትር 100 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በሆነ ደም ላይ ከመሣሪያው ንባቦች 95 በመቶው ከላቦራቶሪው ውጤት እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ትክክለኛ መጠኑ 108 የሆነ ደም በአንዱ ጠብታ 93፣ በሌላው 123 ቢነበብ መሣሪያው ተበላሽቷል አይባልም። ይህ ልዩነት ሕክምና ላይ ሆኖ በየዕለቱ ለሚለካ ሕመምተኛ ብዙ ላያስቸግር ይችላል። “ወሰኑን አልፌ ይሆን?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን፣ በጤናማውና በስኳር ሕመም መካከል ያለው ርቀት በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 እስከ 126 ብቻ በመሆኑ፣ የመሣሪያው ስሕተት ርቀቱን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። የታችኛው ወሰን ራሱም አንድ ወጥ አይደለም፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ከ100 ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚነሣው ከ110 ነው።

በባዶ ሆድ የሚባለውም ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ማደርን ነው፤ ስኳር ያልገባበት ቡናም አይፈቀድም። እዚህ ላይ በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይተው ከመግደፋቸው በፊት የሚለኩ ሰዎች ልኬቱ ከማለዳው ይልቅ አስተማማኝ እንደሆነ ያስባሉ። ነገር ግን መመዘኛዎቹ ሌሊቱን ሳይበላ ባደረ ሰው የማለዳ ደም ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሚወሰድ የባዶ ሆድ ልኬት በአማካይ ዝቅ ስለሚል ያለውን ሕመም ሊሸሽግ ይችላል።

ሌሎቹ የስሕተት ምንጮች የታወቁ ናቸው፦ ጊዜው ያለፈበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት የነካው ስትሪፕ (የደም ጠብታው የሚነካበት ቁራጭ)፣ ንባቡን ከፍ የሚያደርግ ደም ማነስ፣ ብርቱካን ልጦ ሳይታጠብ የተወጋ ጣት። ይህን የመጨረሻውን በአልኮል መጥረግ ብቻውን ላያስወግደው ስለሚችል በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ የተላከ መሣሪያ ደግሞ የሚያነበው በሚሊግራም ሳይሆን በሌላ አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር፣ በመሆኑ 6.1 ሲያሳይ ስኳር እጅግ ወርዷል ብለው ጣፋጭ የሚወስዱ አሉ፤ በ18 ሲባዛ ግን 110 ገደማ ነው።

የስኳር ሕመም የሚረጋገጠው ከደም ሥር ተቀድቶ በላቦራቶሪ በሚመረመር ደም፣ ወይም የሁለትና የሦስት ወራትን አማካይ በሚያሳየው የኤዋንሲ ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲገኝ ነው፤ ምልክት የሌለው ሰው ላይ ደግሞ ውጤቱ በሌላ ምርመራ መደገም አለበት። ስለሆነም በጣት ጠብታ ብቻ “ስኳር አለብህ” ብሎ ካርድ ላይ የሚጽፍ ክሊኒክ ካለ ከሙያው ሥርዓት ወጥቷል ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ብርቱ የውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት የታየበት፣ መሣሪያውም 200ና ከዚያ በላይ ያነበበለት ሰው በቤቱ ደጋግሞ እየለካ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ።

ፋርማሲዎች መሣሪያውን ሲሸጡ የልኬቱን አሃድ፣ የስትሪፑን አያያዝና የስሕተቱን መጠን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አብረው እንዲሰጡ ቢደረግ ወጪው አነስተኛ ነው። የሚመለከታቸው የጤና ተቆጣጣሪ አካላት ይህን የሽያጭ ግዴታ እንዲያደርጉት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ