እማዬ፣ የደም ግፊቴን ተለካሁ

ጅማ፣ ግንቦት 12

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን አስቤበት ተውኩት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ታማሚዎቹ ተኝተዋል። አብራኝ ያደረችው ነርስ ለቀልድ "እስቲ ክንድሽን አምጪ" አለችኝ። 158 በ96። ተሳሳቅን። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ደገምነው፤ 154 በ96። ሳቁ እዚያ ላይ ቀረ። በሌሎች ቀናትም ብንለካ ከፍተኛ ከሚባለው ከ140 በ90 አልወርድ አለ።

አንቺን በስልክ ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ? "ጨው በቀን ከ5 ግራም አይበልጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ ወጡም ዳቦውም ውስጥ ያለው ተደምሮ!" ስልኩን ዘግቼ ሽሮዬ ላይ ጨው እነሰንሳለሁ። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ምሳዬ አንድ ሳምቡሳና ሦስት ስኒ ቡና ነው። (ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዪ እንዳትዪኝ።)

ብቻዬን አይደለሁም። አንዱ ባልደረባችን የሳንባ ታማሚን "ሲጋራ ተው" ብሎ ይመክርና ከግቢው ጓሮ ሄዶ ያጨሳል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔም የጉበት ቫይረስ ክትባቴን ሁለቴ ወስጄ ሦስተኛውን እስካሁን አልተከተብኩም። የሌሎች ሰዎች ልጆች የክትባት ቀን ግን አንድም አያመልጠኝም። ማወቁንማ እናውቃለን፤ የምናውቀውን ለታማሚ ብቻ የተጻፈ አስመስለነዋል።

ክኒን ጀምሬያለሁ። ግፊት ክፋቱ አያምም፤ ስለማያምም ይረሳል። እስካሁን ሁለት ቀን ዘልያለሁ።

ትናንት አንድ አባት "አንድም ቀን አላቋረጥኩም ልጄ" አሉኝ። የግፊታቸው ቁጥር ሌላ ይላል። ድሮ ቢሆን እቆጣ ነበር። "እኔ ግን ሁለት ቀን ረስቻለሁ" አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ። "አንቺም ትውጫለሽ?" ከኮታቸው ኪስ ያልተነካ እሽግ ክኒን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በርበሬው ደርቋል ብለሽኛል። ወፍጮ ቤት ሳትወስጂው የእኔን ድርሻ ጨው ሳይገባበት ለይተሽ አስቀምጪልኝ። የራስሽን እንደፈለግሽ አድርጊ፤ አልቆጣሽም።

ልጅሽ