ያልተከፈተ ሳጥን ተጠብቋል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የጥንታዊ መኪኖችን ሞዴል ስለሚሰበስቡ ሰዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ይህን ሥራ ከልጆች መጫወቻ ለይቶ በቁም ነገር የሚመለከት ጽሑፍ በጋዜጣ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ለጀማሪዎች ከተሰጡት ምክሮች አንዱን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም፤ ይኸውም ተገጣጣሚ ሞዴል (በተናጠል ክፍሎች ተሽጦ ገዢው ራሱ የሚገጥመው፣ ኪት የሚባለው) የገዛ ሰው ሳጥኑን ሳይከፍት፣ የላስቲክ ሽፋኑንም ሳይቀድ ቢያስቀምጠው ዕቃው ምንም ሳይሆን ይቆይለታል፣ ተፈላጊነቱም በየዓመቱ ይጨምራል የሚለው ነው። ሞዴል መገጣጠም ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ምክር እኔም በጊዜው አምኜበት ጉዳቱን ያየሁ ሰው በመሆኔ፣ የደረሰብኝንና የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው መኪና ነው። በ1 ለ24 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 24 ጊዜ አንሶ የተዘጋጀ ተገጣጣሚ ሞዴሉን ባገኘሁ ጊዜ፣ እጄ ሳይፈታ ነክቼ እንዳላበላሸው በመስጋት እንደታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በዚያው ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ የላስቲክ ሽፋኑን ቀድጄ ክዳኑን ሳነሳ፣ አራቱ ጎማዎች በዚያ ረጅም ኮፈን ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። አንዱን ላነሳ ብሞክር ተጣብቆ እንቢ አለኝ። ቀስ አድርጌ ሳላቅቀው፣ በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሳይቀር ተገልብጦ የሚታይበት ክብ ጎድጓዳ ምልክት ከሥሩ ወጣ፤ ፕላስቲኩ የጋለ ብረት የተጫነበት ይመስል ቀልጦ ነበር። የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ ነበሩ። በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት የሰሌዳና የክሩስኮት ምልክቶች ሻይ የፈሰሰባቸው መስለው ቢጫ ሆነዋል፤ የፊት መስታወቱም ለብቻው ስላልታሸገ ክሮም ከተቀቡት ክፍሎች ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተጫጭሯል። ያን ሁሉ ዓመት የሰው እጅ አልነካውም፣ ፀሐይም አላየውም ነበር።

ምክንያቱ ለማንም የሚገባ ነው። በእንዲህ ዓይነት ኪቶች ውስጥ የሚመጡት ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ከቪኒል የተሠሩ ናቸው፤ ቪኒል ደግሞ በባሕርዩ ደረቅ በመሆኑ እንደ ጎማ እንዲለሰልስ ማለስለሻ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ በቪኒሉ ውስጥ ታስሮ አይቀርም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣና የመኪናው አካል የተሠራበትን ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ሲነካ እርሱንም አለስልሶ ይበላዋል። መፍትሔው ሳጥኑን በገዙበት ቀን መክፈት፣ ጎማዎቹን በላስቲክ ከረጢት ለብቻቸው ማስቀመጥ፣ መስታወቶቹን በስስ ወረቀት መጠቅለልና እያንዳንዱን ክፍል ከመመሪያው ጋር ማመሳከር ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው እንደ ቀላል መታየት የለበትም፤ የጎደለ ወይም በፋብሪካው ሳይሞላ የወጣ ክፍል በጊዜው ቢታወቅ ምትክ ሊገኝለት ይችላል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ክፍሉ የተቀረጸበት ቅርጽ ማውጫ የት እንደገባ የሚነግር አይገኝም። ቢጫ ለሆኑት ተለጣፊ ምልክቶች እንኳ ዘዴ አለ፦ ወረቀቱን በጠራ ላስቲክ ከቶ ፀሐይ በሚያገኘው የመስኮት መስታወት ላይ ለጥቂት ቀናት መለጠፍ ብዙ ጊዜ ቢጫውን ያነጣዋል። የእኔዎቹ የዳኑት በዚህ መንገድ ነው።

ከብረት የተቀረጹትስ ከዚህ ይተርፋሉ ለሚል፣ የእነርሱ በሽታ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በእንግሊዝ ይመረቱ የነበሩት ዲንኪ የተባሉት ትናንሽ የብረት መኪኖችና የዘመኑ ቢጤዎቻቸው የተሠሩት ዚንክ ከሚበዛበት ቅይጥ ነው። ለቅይጡ የሚገባው ዚንክ እጅግ ንጹሕ መሆን ሲኖርበት ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለበት፣ ብረቱ ከውስጥ ጀምሮ ይዝጋል፤ በመጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ያለቁት በዚህ ነው። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል፣ መድኃኒት ግን የለውም፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ጥፋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ታሽጎ የተቀመጠ ሳጥን ደግሞ ሰብሳቢው በሽታውን በጊዜ እንዳያየው ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማድረግ ተገቢ ነው። ከፋብሪካ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ የወጣ አሮጌ ሞዴል ያለቀ ሥራ ነው። ቀለሙ ቢላላጥም የዘመኑ ምስክር ስለሆነ ማንም እንደገና ሊቀባው አይገባም፤ ሳጥኑም የሰነዱ አካል ነው። በዚህ ረገድ የጽሑፋችሁ ምክር ትክክል ነው። ተገጣጣሚው ሞዴል ግን ያለቀ ሥራ አይደለም፤ የንድፍ ባለሙያው ግማሹን ሠርቶ የቀረውን ለማያውቀው ሰው እጅ አደራ የሰጠበት ነገር ነው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን የ1 ለ12 ፖርሽ 934 ሲያዘጋጅ፣ የድርጅቱ ሰዎች ለዚህ የእሽቅድምድም መኪና መነሻ የሆነውን እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ብሎን በብሎን እስኪፈታታ ድረስ በትነው አጥንተውታል። ይህን ሁሉ የደከሙት ገዢው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲገጥም ያ መኪና እንዴት እንደተሠራ እንዲገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ሳጥኑ ካልተከፈተ ያ ድካም ለማንም አልደረሰም።

በጣሊያኑ ሞዴል አምራች ፖከር የ1 ለ8 ሞዴሎች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ሮልስ ሮይስ ፋንተም 2 ከ2,000 በላይ ክፍሎች አሉት፤ በአልፋ ሮሜዮ 8ሲ 2300 ላይ ደግሞ የቸርኬዎቹን ራጂ (ቀጫጭን ሽቦዎች) ገጣጣሚው ራሱ በእጁ ይሰካል። የመጀመሪያውን ቸርኬ ስሠራ የገጠመኝን አልረሳውም። ራጂዎቹን በአንድ ወገን ብቻ ተራ በተራ እያጠበቅኩ ዞርኩና ስጨርስ ቸርኬው እንደ ሰሐን ጎብጦ ቀረ። አላልቼ ከተቃራኒ ወገን እየተፈራረቅኩ ጥቂት ጥቂት ሳጠብቅ እምብርቱ መሐል ላይ ቆመ። ቸርኬውን ክብ አድርገው የሚይዙት እርስ በርስ የሚሳሳቡት ቀጫጭን ሽቦዎች መሆናቸውን በመጻሕፍት ደጋግሜ ያነበብኩት ቢሆንም የገባኝ ግን ያን ምሽት ወረንጦ ይዤ ነው። ቀለም መርጨትም እንዲሁ ያስተምራል። በ1 ለ24 ሞዴል ላይ የተረጨ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር እንደማለት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ የረጨ ሰው የበሮቹን መስመር ይደፍነዋል፤ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መርጨትን፣ በመካከሉም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ መሞረድን ከዚህ ይማራል።

ይህ ትምህርት ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ውጤት እንዳለው የአሜሪካው የፊሸር ቦዲ የወጣት ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ያሳያል። ከጄኔራል ሞተርስ ጋር የተያያዘው ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 ወጣቶች በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሞዴል እያወዳደረ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ያሸነፈው ቻክ ጆርዳን ከዓመታት በኋላ የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆኗል።

ከኪት አልፈው ሁሉንም ከባዶ በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎችን በተመለከተ ጽሑፋችሁ በሁለት መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እንግሊዛዊው ጄራልድ ዊንግሮቭ እውነተኛውን መኪና ራሱ እየለካና ፎቶ እያነሳ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ክፍል ከብረት እየቀረጸ የሠራቸው ሞዴሎች ለታሪክ ሰነድነት የሚበቁ ናቸው። ቡጋቲ ሮያል ከተባለው ጥንታዊ የቅንጦት መኪና ዛሬ ያሉት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ከእኛ መካከል አጠገቡ ቆሞ ሊያየው የሚችለው ስንቱ ነው? በታማኝነት የተሠራ ሞዴል ይህን ዕድል ለብዙዎች ይሰጣል። ታማኝነት ስል ግን በቃል ብቻ አይደለም። በእጅ የሚሠራ ሁሉ ከሻንሲው ሥር ስሙን፣ ዓመቱንና ስኬሉን እንዲጽፍ፣ ከእውነተኛው መኪና የለካው የትኛውን እንደሆነና በግምት የሞላው የትኛውን እንደሆነም በወረቀት ላይ አስፍሮ ከሞዴሉ ጋር እንዲያስቀምጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ይህ ካልተደረገ የአንዱ ግምት በሌላው ሞዴል ላይ እየተቀዳ እንደ እውነት ሲተላለፍ ይኖራል፤ ይህንንም በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ገጣጥሞ ማበላሸትን የሚፈራ ጀማሪ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔንም ሃያ ሁለት ዓመት ያስጠበቀኝ እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቀላሉ በሚተካ ኪት ይጀምር እንጂ ብርቅ የሆነውን አያስቀድም። ከአንድ ሞዴል የቀረው ያልተገጠመ ኪት እጅግ ጥቂት ከሆነም አንዱ ለመነሻ ማመሳከሪያ እንዳለ ቢቀመጥ አልቃወምም፤ ያም ቢሆን ተከፍቶ፣ ጎማው ተለይቶ፣ በየጊዜው እየታየ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አቀማመጥ ስትጽፉ ቢያንስ የጎማውን ጉዳይ እንድትጠቅሱ እጠይቃለሁ፤ ይህን ባለማወቅ አሁን በየቁም ሣጥኑ እየቀለጠ ያለው ኮፈን ጥቂት አይመስለኝም።

ጃጓሩን በመጨረሻ ሠርቼዋለሁ። አራቱን ክብ ጉድጓዶች በስቱኮ ሞልቼ፣ ሞርጄ፣ እንደገና ሞልቼ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ በጎማውና በቸርኬው መካከል ስስ የብረት ወረቀት አለ። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን የአንደኛው ክብ ጠርዝ ከቀለሙ ሥር ዛሬም በጥቂቱ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ