ከኢንቹ በፊት ፒክስሉን ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን ለየብቻ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀን ተማሪው የሚጽፍበት፣ ማታ ቤተሰቡ ዜናና ኳስ የሚያይበት አንድ ስክሪን ይበቃል። ምርጫው ግን ከኮምፒውተሩ ሥራ መነሳት አለበት። ፊደል አጥርቶ የሚያሳይ ስክሪን ለኳስም ይሆናል፤ ለኳስ የሚበቃ ሁሉ ግን ለፊደል አይበቃም።

እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ የሚነገረው ኢንቹ ነው። እሱ ግን መጠየቅ ያለበት ስክሪኑ ራሱ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ስንት ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንዳለው ነው። ርካሽ ከሆኑት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው። «ፉል ኤችዲ ይቀበላል» መባሉ ገዢን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የ1920 በ1080 ምስል ይቀበላል፣ ነገር ግን ወደ 768 አጨማዶ ነው የሚያሳየው። ፊልም ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ዎርድ ላይ ግን የ«ሜ» ቀለበትና የ«ሚ» እግር ተደፍነው አንዱ ከሌላው አይለይም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ ይደክማል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ላፕቶፕና የኤችዲኤምአይ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ ምስሉ በሁለተኛው ስክሪን ብቻ እንዲታይ ምረጡ፤ በሁለቱም ላይ ካደረጋችሁት የላፕቶፑ የራሱ መጠን ውጤቱን ያዛባል። ከዚያ 1920 በ1080 ላይ፣ ስኬሉን (የጽሑፉን ማጉያ) 100 በመቶ አድርጋችሁ፣ በ10 መጠን አንድ አንቀጽ በአማርኛ ጻፉ። ፊደሉ ዙሪያው ከደበዘዘ ወዲያው አትመልሱት፤ ጥፋቱ የሴቲንግ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል፣ የቀረውን ይለጥጠዋል። የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ከተቆረጠ ምልክቱ ይኸው ነው። በምስል መጠን ሜኑ ውስጥ በሳምሰንግ «ስክሪን ፊት»፣ በኤልጂ «ጀስት ስካን» የሚለውን ምረጡ። የገመዱን መግቢያ ስም «ፒሲ» በሉት፤ ቀይ ጽሑፍ በሰማያዊ ላይ የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ይህ ስላልተደረገ ነው። «ሻርፕነስ»ንም ዝቅ አድርጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልጠራ ግን ስክሪኑ 768 ነው ብላችሁ ተዉት።

ለጠረጴዛም ለሳሎንም የሚሆነው ባለ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው። 43 ኢንች ከሆነ ፎርኬ (3840 በ2160) ካልሆነ አትግዙ፤ በዚያ ስፋት 1080 ለቅርብ ንባብ ሸካራ ነው። ፎርኬ ስትገዙም የኮምፒውተሩን ዕድሜ አስቡ፤ የኤችዲኤምአይ መውጫው የቆየው 1.4 ከሆነ ፎርኬን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ ማውሱ ይጎተታል።

በቴሌቪዥን ፈንታ ሞኒተር (የኮምፒውተር ስክሪን) ለሚመርጥ ደግሞ ሪሲቨሩን ማየት ይቀድማል። የዲሽ ሪሲቨር ስላለ ሞኒተሩ ራሱ ጣቢያ አለመያዙ አያስቸግርም። ሪሲቨሩ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ መውጫ ብቻ ካለው ግን ከሞኒተሩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ስፒከር የሌለው ሞኒተርም ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለዚያ ድምፁ ከሞኒተሩ መውጫ ያጣል። እኛ አገር ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ፦ ቤተሰቡ ማታ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቲኤን የተባለው ርካሹ የፓኔል (ምስሉ የሚታይበት የስክሪኑ ገጽ) ዓይነት ከታች ወደ ላይ ሲታይ ይጠቁራል። አይፒኤስ የተባለውን ፈልጉ፤ ሱቁ ውስጥም ጎንበስ ብላችሁ ከታች እዩት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ ድምፅ እያለው ምስሉ የጠፋ ስክሪን ላይ የእጅ ባትሪ አስጠግታችሁ አብሩ። ምስሉ በስሱ ከታየ የሞተው ባክላይቱ (ከስክሪኑ ኋላ የሚያበራው መብራት) ነው፣ ይጠገናል። አዲሱንም ቢሆን በድሬዳዋ ሙቀት ባክላይቱን መቶ ላይ አታኑሩት፤ በ50 እና በ60 መካከል ለቤት ይበቃል፣ የኤልኢዲውንም ዕድሜ ያራዝማል።

ነጋዴዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው በተጻፈበት ወረቀት ላይ ከኢንቹ ጎን 768 ወይም 1080 ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ