እማዬ፣ እሑድ እሑድ የት እንደምውል

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አባዬስ? ቤቲስ? ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፣ ሌላው ብዙ ነው። ደብዳቤውን ቤቲ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ቤቲዬ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት፤ ስለ አንቺ የጻፍኩትንም ጭምር።

የላክሁት ብር ባንክ መግባቱን ሰምቻለሁ። ለአባዬ ዓይን ነው። ለዕድር አይደለም፣ ለበግም አይደለም። ለፋሲካ ሌላ እልካለሁ።

ይህን ያህል ጊዜ ለምን እንዳልደወልኩ ታውቂያለሽ። መጨረሻ ላይ ስናወራ «ለእህትህ ለቤቲ ደውልና ከዚህ ጋብቻ መልሳት፤ አንተን ትሰማለች» አልሽኝ። እኔ ደግሞ እንድትመለስ አልፈልግም። ይህን በስልክ ብናገር ትዘጊብኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ስል የአክስቴ ልጅ ቀደመኝ። «ልጅሽ ሃይማኖቱን ትቶ እሑድ እሑድ ከፈረንጅ ጋር ተራራ ለተራራ በሳይክል ይዞራል» አለሽ አሉ። ሳይክሉ እውነት ነው። ተራራውም እውነት ነው፣ ፈረንጆቹም አሉ። ሃይማኖቱን ትቷል የምትለዋን ግን ከራሱ ነው የጨመራት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ሳይክል መጠገኛ ቤት ነው። የአባዬ ሥራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጣሪያና ማሞቂያ አለው፣ የምፈታው ሳይክልም አንዳንዱ ከአሮጌ መኪና ይወደዳል። በብርዱ ወራት ሰዓት ይቀንሱብናል፤ እሱ ያልፋል፣ አሁን እየሞቀ ነው፣ አታስቢ። ሳይክላቸውን የምሠራላቸው ደንበኞች ናቸው አንድ ቀን «አንተስ አትነዳም ወይ?» ብለው የጎተቱኝ። ከዴንቨር ወዲያ ጎልደን የሚባል ትንሽ ከተማ አለ፤ ከበላዩ ሉክአውት የሚሉት ተራራ አለ። የእኛው የሐዋሳ ታቦር ከእሱ ጎን ጉብታ ነው። ግን ምን ይመስልሻል፣ ዳገቱ አልከበደኝም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ሐዋሳም 1,700 ገደማ ናት። ከቆላ ስቴት የመጣው ሁሉ ሲያለከልክ እኔ እያወራሁ እወጣለሁ። እዚህ አገር ሳልለምደው የተስማማኝ ነገር ቢኖር አየሩ ብቻ ነው።

ሕግ አላቸው። የሚወርደው ለሚወጣው ቆሞ ያሳልፋል። ሳይክል ደግሞ ለእግረኛም ለፈረስም ያሳልፋል። ለፈረስ! እስቲ ይህን ለሐዋሳ ባጃጅ ነጂ ንገሪው።

ፎቶው ላይ ትከሻዬ ላይ ያየሽውን ማሰሪያ እንዳትጠይቂኝ። ወድቄ አይደለም። እሺ፣ ወድቄ ነው፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የወደቅሁት። ድኗል። የሆስፒታሉን ሂሳብ ደግሞ ጨርሶ እንዳታነሺው።

ወሬያቸው የሚጀምረው ከአየር ጠባይ ነው። እኛ ሰው ስናገኝ ከልጅ እስከ ከብት ደህንነቱን እንጠይቅ የለ? እነሱ ደመናውን ነው የሚጠይቁት። መጀመሪያ ወሬ ቸግሯቸው መስሎኝ ነበር። እዚህ በሰኔና በሐምሌ ጠዋቱ ብራ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ድንገት መብረቅ ይወርዳል፤ ተራራ አናት ላይ ያገኘውን ሰው አይምርም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ከቀትር በፊት መውረድ አለብን። ከቅዳሴ ጋር የሚያጋጨን ይኸው ነው፤ ንቀት አይደለም። በረዶ ቀልጦ መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ አይነዳም፤ ጎማው ያወጣው ቦይ ሲደርቅ እንዳለ ይቀራል፣ ለሌላው ሰው መውደቂያ ይሆናል። የፈረንጆቹ ማርች ደግሞ ለዴንቨር ዋናው የበረዶ ወር ነው። ዛሬም ጥሏል፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ለአክስቴ ልጅ ንገሪልኝ፤ እሱን ግን አላየሁትም። የገብርኤል ዕለት ደግሞ ቀርቼ አላውቅም፤ በየወሩ 19 አንቺ ሐዋሳ ገብርኤል ስትሳለሚ እኔም እዚህ እሳለማለሁ።

አብረውኝ የሚነዱት እነማን መሰሉሽ? አንዱ ጡረታ የወጣ ፓስተር ነው፤ ዕድሜው ከአባዬ አይተናነስም፣ ቁልቁለት ላይ ግን አንደርስበትም። አንዷ ነርስ ናት፤ እግዚአብሔር የለም ባይ ናት፣ ነገር ግን የታመመ ጓደኛ ካለ መጀመሪያ ደጁ የምትገኘው እሷ ናት። ሦስተኛው የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ይጠራጠራል፣ ብሎንም ይሁን ሃይማኖት ሁለቴ ሳያጠብቅ አያልፍም። አራተኛው እኔ፣ ኪሴ ውስጥ በፌስታል ቆሎ የያዝኩ። እነሱ አረፍ ስንል በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ያወጣሉ፤ እኔ ጾም ነው ብዬ ቆሎዬን ዘረጋለሁ። ፓስተሩ «እንቁላልም አትበላም?» አለኝ። እንቁላልም። «ወተትም?» ወተትም። «55 ቀን?» ጥርሱ እየፈራ አንድ አንዷን ገብስ እያነሣ ቆረጠመና «እኛ ቀላሉን ነው ይዘን የቀረነው» አለ። አሁን ቆሎውን ሳልይዝ ብሄድ ይቆጡኛል። ይህን ብቻ ለአክስቴ ልጅ ማን ይንገረው።

ፖድካስት የሚባል ነገር አለ። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ሰዓቱን ግን አንቺ ነሽ የምትመርጪው፣ ስትፈልጊ ታቆሚዋለሽ። አባዬ ቢለምደው ትራንዚስተሩን ይጥል ነበር። እኔ ሥራ ላይ ጎማ እየቀየርኩ የአማርኛ ስብከት ነው የምሰማበት። እነሱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አላቸው፤ ዳገት ላይ «ያንን ሰማህ ወይ» መባባል ነው። መስከረም ላይ ነርሷ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ይዛ በመሪው ላይ ተሽቀንጥራ ነበር፤ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ተላጠ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ስህተት ሆነ። ፓስተሩ «ትዕግሥት ማጣት ነው» አላት። መካኒኩ ተቆጣ። «ማን አጠፋ አይባልም፣ ምን አሳሳተው ነው የሚባለው» አለ። ፍሬኑ ጠብቆ ነበር ወይ፣ ፀሐዩ ዓይኗ ላይ ነበር ወይ፣ ከኋላ ቸኩሎ የገፋፋት ሰው ነበር ወይ? (ነበር። ፓስተሩ ነው።)

በዚያ ሰበብ መካኒኩ ስለ አውሮፕላን አደጋ ብቻ የሚያወራ ፖድካስት ላከልን። ሌሊት የሚሰማ አይደለም። በፈረንጆቹ 1977 ማርች 27 ቀን ቴኔሪፍ በምትባል የስፔን ደሴት ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጉም ነበር። አንደኛው ገና ከመንደርደሪያው ሳይወጣ የሌላኛው ዋና አብራሪ ሳይፈቀድለት ለመነሣት መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አብራሪው አንጋፋ ነው፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ «ወጥቷል» አለ። መሐንዲሱም አልደገመም። ከዚያና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ነው ታናሹ ደፍሮ እንዲናገር፣ አለቃውም ቆም ብሎ እንዲሰማ የበረራ ሠራተኞችን ማሠልጠን የተጀመረው።

ይህን አንሥተን ስንወጣ «ታዲያ እግዚአብሔር የት ነበር?» ያለው ማን ይመስልሻል? ፓስተሩ ነው። ነርሷ ደግሞ «መሐንዲሱ አፍ ላይ» አለችው። የማታምነው እሷ ናት እንግዲህ። ሁላችንም ዝም ብለን ትንሽ ገፋን። እኔም ዝምታው ሲከብደኝ ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይባላል አገራችን ብዬ ነገርኳቸው። መካኒኩ «እንጨቱ ለምን እርጥብ ሆነ ብሎ የጠየቀስ አለ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ይህን የማወራሽ አንቺን ለመንካት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመንካት ነው። ቤቲ የቤቱ ታናሽ ናት፤ አንድ ጊዜ ተናገረች፣ ደግማ አልተናገረችም።

እማዬ፣ ቤቲ የምታገባው ልጅ ጴንጤ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺን የሚያሳምምሽም ይገባኛል፤ በተክሊል ባትዳሪያት፣ ነገ የልጅ ክርስትና ሲመጣ ምን ይደረጋል ብለሽ ሌሊት እንደምትገላበጪ አልጠፋኝም። እኔም ዝም ብዬ እሰይ አላልኩም፤ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። ቤቲ ማተቧን አልበጠሰችም፣ እሱም በጥሺ አላላትም። የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሐዋሳ ተወልደሽ አድገሽ ግን ይህ እንግዳ ሆነብሽ? የግራው ጎረቤታችን መካነ ኢየሱስ፣ የቀኙ ቃለ ሕይወት አይደሉ እንዴ? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ጨምበላላ ሲሆን፣ ጾም ካልሆነ፣ ከእነሱ ቤት የመጣውን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ከእኛ ቀድመሽ የምትጎርሺው አንቺ አይደለሽም?

እውነተኛውን ምክንያት ግን አልነገርኩሽም። አባዬን ዓይኑን ለማሳየት ያመላለሰው ማነው? እኔ ነኝ? እኔ እዚህ ነኝ። ከሥራ ወጥቶ፣ የአባዬን ኩሽኔታና ብሎን በየመጠኑ እየለየ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ያስቀመጠለት፣ አባዬ በእጁ ዳብሶ እንዲያገኘው፣ እሱ አይደለም? ቤቲ በቪዲዮ አሳይታኛለች። ትልቁን በግራ፣ ትንሹን በቀኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀናሁ መሰለኝ። የእኔን ሥራ የሚሠራልኝን ሰው ምን ብዬ ነው መልሺው የምላት? ሽማግሌዎቹ ድጋሚ ሲመጡ ቡና አፍይላቸው። ያኔ በሩን ገርበብ አድርገሽ እንዳናገርሻቸው ሰምቼ አፈርኩ፤ የእኛ ቤት በር ለማንም ገርበብ ብሎ አያውቅም።

ለሠርጉ መምጣት አልችልም። የወረቀቴ ጉዳይ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው። ትንሽ ነው የቀረው እንዳልኩሽ ከዚህ በፊትም አውቃለሁ።

አሁን ለአባዬ። አባዬ፣ ጎማ ስታቃና የነበረው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የቢራ ሳጥን ገልብጠህ ትቀመጥና፣ ሳይክሉን በኮርቻው አቁመህ፣ የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በአውራ ጣት ጥፍርህ እየነካህ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ጆሮህን ታዘነብላለህ። ከዚያ ጠመኔውን አጠገቡ ይዘህ ታሽከረክረዋለህ፤ ጠመኔው የነካው ቦታ ጠማማው ነው። እዚህ ለዚያ ሥራ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን አሁንም በጆሮዬ ነው የምጀምረው፣ አለቃዬ ይስቃል። አንድ ነገር ደግሞ ስማ፣ ትወደዋለህ። ይህ የተራራ ሳይክል ነገር ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አገር፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ፣ አሮጌ ወፍራም ጎማ ሳይክል በያዙ ወጣቶች ነው የተስፋፋው። በ1976 ቁልቁለት ውድድር ጀመሩ። ፍሬናቸው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ዓይነት ነበር፤ ታች እስኪደርሱ ግሎ ግራሶው ይጨስ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞሉታል። አንተ ብትኖር ኖሮ ሀብታም ትሆን ነበር።

ዓይንህን ግን አትፍራ። ሞራ ነው፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤትህ ነህ። አንደኛው ሲድን ሁለተኛው ይቀጥላል። እማዬ ጠበል ትላለች፤ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ማን ከለከለ። ብቻ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ዓይንህ ውስጥ ውሃ መግባት የለበትም። እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይሠራል፤ ይህን ፓስተሩም እኔም ተስማምተንበታል፣ ነርሷ ብቻ «እጁን የታጠበ ሐኪም ይሁን» አለች።

አንዳንድ ቀን፣ ተራራው ላይ ቁጭ ብለን እነሱ ሲያወሩ፣ እኔ ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል ነኝ። ዓሣ የሚበልተው ልጅ አንጀቱን ሲወረውር አባ ኮዳዎቹ ሲጋፉ፣ ያ ሽታው ሳይቀር ይመጣብኛል። ማታ ፍቅር ሐይቅ ላይ ነፋሱ ሲነሣ። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ «ግቡ፣ ይመታችኋል» ስትይ። ፓስተሩ «ምን ሆንክ?» ይለኛል፤ «አየሩ ነው» እለዋለሁ። እዚህ አየሩ ነው ካልሽ ማንም ደግሞ አይጠይቅሽም።

ብሩን እንዲህ አድርጊው። የአባዬን ቀጠሮ ቤቲ ትያዝ፣ የሚተርፈው ለአንቺ ቀሚስ ነው። ለሠርጉ። ሸማኔው ጋ ሂጂ፣ ጥለቱን ራስሽ ምረጪ፤ አሮጌውን አጥቤ እለብሳለሁ ብትይ እሰማለሁ፣ አሁን ወሬ የሚያደርስልኝ የአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለም።

በሚመጣው እሑድ በእናንተ ማታ 3 ሰዓት እደውላለሁ። እዚህ እኩለ ቀን ነው፣ ከተራራ ወርጄ እጄን የምታጠብበት ሰዓት። ስልኩን ለቤቲ አቀብለሽ ወደ ጓዳ እንዳትሸሺ።

ልጅሽ