መብራቱን ያጠፉት ስም አላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ «ብሌድ ረነር 2049» የወጣውን ሐተታ ወድጄው ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው የሮጀር ዲኪንስን የካሜራ ሥራ የገለጸበት መንገድ ፊልሙን ደግሜ እንዳየው አድርጎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ከፊልሙ አስቀድመው ስለወጡት ሦስት አጫጭር ፊልሞች ሲያነሳ፣ ሁሉንም ማስታወቂያ ናቸው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋቸው። ከሦስቱ አንዱ ካርቱን መሆኑን ቢጠቅስም ስሙን እንኳ ሳይነግረን ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ካርቱን ነው።

«ብሌድ ረነር ብላክ አውት 2022» ይባላል። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አኒሜሽን ሲሆን፣ የሠራው ሺንኢቺሮ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2017 መጨረሻ፣ ትልቁ ፊልም ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በኢንተርኔት በነፃ ተለቀቀ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)።

ላላዩት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራቸው። በ1982 የወጣው የመጀመሪያው «ብሌድ ረነር»፣ የሪድሊ ስኮት ፊልም፣ የ2019ን ሎስ አንጀለስ አሳይቶን ነበር። በዚያች ከተማ ታይረል የተባለ ኩባንያ ሬፕሊካንት የሚባሉ፣ በዓይን አይቶ ከሰው ለመለየት የሚያስቸግሩ ሰው ሠራሽ ፍጡራን ያመርታል። ኔክሰስ 6 ለተባሉት የተሰጣቸው ዕድሜ አራት ዓመት ብቻ ነው። አኒሜሽኑ ሲጀምር ዘመኑ 2022 ሆኗል፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ኔክሰስ 8 ዕድሜያቸው አልተገደበም። ይህ ያስቆጣቸው ሰዎች የሬፕሊካንቶችን የምዝገባ መረጃ አውጥተው፣ ማን የት እንደሚኖር እያዩ ያድኗቸዋል፤ ይገድሏቸዋል። ኢጊ የተባለ የቀድሞ ወታደርና ትሪክሲ የተባለች ሴት፣ ሁለቱም ሬፕሊካንቶች፣ ሬን ከሚባል ሰው ጋር ተማክረው ያን መዝገብ ለማጥፋት ይነሳሉ። ሬን አንድ የኑክሌር ሚሳይል ከከተማዋ በላይ ሰማይ ላይ እንዲፈነዳ ያደርጋል። ኢጊና ትሪክሲ በበኩላቸው የመረጃ ማከማቻው ውስጥ ዘልቀው ያወድሙታል። ከተማዋ ትጨልማለች፤ በራሪ መኪናዎች ከሰማይ ይረግፋሉ።

ነገሩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በጁላይ 1962 አሜሪካ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ በላይ፣ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስታርፊሽ ፕራይም የተባለውን የኑክሌር ሙከራ ባደረገች ጊዜ፣ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። ከፍንዳታው የሚወጣው ጨረር ከአየሩ ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ ኃይለኛ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት ይፈጥራል፤ ምቱ በሽቦ እየገባ መሣሪያ ያቃጥላል። ይሁን እንጂ መሣሪያ ተቃጠለ ማለት በውስጡ የተቀመጠው መረጃ ሁሉ ተፋቀ ማለት አይደለም። ፊልሙ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ሚሳይሉ ብቻውን ስለማይበቃ ነው በእግሩ ገብቶ ማከማቻውን የሚያፈርስ ሰው ያስፈለገው። ትሪክሲም በዚሁ ሥራ ላይ ሕይወቷን ታጣለች።

አሁን ወደ ትልቁ ፊልም ልመለስ። ኬ የተባለው መርማሪ ታይረልን ወደተካው ዋላስ ኩባንያ መዝገብ ቤት ሲሄድ አንድ ሠራተኛ ስለዚያ ጨለማ ያወራዋል። አሥር ቀን መብራት እንዳልነበረ፣ ማሽኑ ሁሉ ቀጥ እንዳለ፣ መብራቱ ሲመለስ ፎቶውም የባንክ መረጃውም ጠፍቶ እንደተገኘ፣ የተረፈው ወረቀት ብቻ እንደሆነ ይነግረዋል። እናቱ በጠፋባት የልጅነት ፎቶ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ይህ ንግግር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። አንድ ሠራተኛ ሥራ እየሠራ የሚያወራው ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። አኒሜሽኑን አይቼ ተመልሼ ስሰማው ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ለካስ የዚያችን እናት ፎቶ ያጠፋው ጨለማ፣ የእነ ትሪክሲን ወገኖች ከየቤታቸው እያስወጣ ያስገድል የነበረውን ስም ዝርዝርም ያጠፋው ነው! እናትየው የምታለቅስበት ሌሊት ለሌሎች በሕይወት የመትረፊያ ሌሊት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። ትልቁ ፊልም የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ሁለተኛውን ያገኘሁት በአሥራ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ ነው። አጭሩን ፊልም ወደ ጎን ትቶ ስለ ትልቁ መፍረድ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደመፍረድ የምቆጥረው ለዚህ ነው።

ዓይንንም ላንሳ። የ1982ቱ ፊልም ገና ሲጀምር ሙሉ ስክሪኑን የሚሞላ ዓይን ያሳየናል። በ«ብሌድ ረነር 2049» መጀመሪያ ላይ ኬ፣ ሳፐር ሞርተን የተባለውን ኔክሰስ 8 ከገደለ በኋላ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ከዓይኑ ሥር በተጻፈው መለያ ቁጥር ነው። በአኒሜሽኑ ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢጊ የገዛ ቀኝ ዓይኑን ያወጣል። የከተማው መዝገብ ጠፍቷል፤ የቀረው እሱ በሰውነቱ ተሸክሞት የሚዞረው ነው፤ እሱንም በእጁ አጠፋው። ይህን ካየሁ በኋላ የሳፐር ዓይን ያለበትን ትዕይንት እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ሳፐር ዓይኑን አላወጣም፤ ቁጥሩን እንደያዘ እርሻው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያው ቁጥር ታወቀ።

ካርቱን የሚለው ቃል የሚያስከፋኝ አኒሜሽን የልጆች ነገር ነው የሚል ግምት በውስጡ ስላለ ነው። ኢጊ ከምድር ውጭ የተዋጋበትን ጦርነት የሚያስታውስበት ክፍል አለ። እዚያ ሲደርስ መስመሩ በድንገት ይለወጣል። ጥርት ያለው ሥዕል ይጠፋና ሰውም እሳትም ጭስም አንድ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቀልጥ፣ ቅርጹን መያዝ ያቃተው ነገር ይሆናል። ይህን ክፍል የሳለው ሺንያ ኦሂራ የተባለ አኒሜተር ነው። ኢጊ በዚያ ጦርነት የሚገድላቸው ጠላቶች እንደ እሱ ሬፕሊካንቶች መሆናቸውን፣ ሁለቱም ወገን አሸዋ ላይ የተደረደረ የአሻንጉሊት ወታደር መሆኑን ይረዳል። ያ ቅስም የሚሰብር እውቀት በእጅ በተሳለው መስመር ውስጥ ይታያል። በካሜራ ቢቀረጽ ይህን ያህል ዘልቆ የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ጉድለት የለበትም አልልም። ሬን ሰው ሆኖ ሳለ ለምን ከሬፕሊካንቶች ጎን እንደቆመ በጥቂት ቃላት ታልፏል። ትሪክሲም ከውጊያዋ ይልቅ አሳቧን ብንሰማ ኖሮ ሞቷ የበለጠ በከበደን ነበር። ጸሐፊው ይህን አንስቶ ቢተች ኖሮ ደስ ብሎኝ አነብለት ነበር።

ማስታወቂያነቱን በተመለከተ፣ ገንዘቡ ለማስታወቂያ ተብሎ እንደወጣ አልክድም። ግን የትልቁ ፊልም ዳይሬክተር ዴኒ ቪልኔቭ ራሱ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ባሉት ዓመታት የሆኑትን ዋና ዋና ነገሮች እንዲተርኩለት ነው ለሚያከብራቸው ሰዎች የሰጠው። ዋታናቤም ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አይደለም። በ2003 ስለ «ማትሪክስ» ዓለም ከተሠሩት ዘጠኝ አጫጭር አኒሜሽኖች ሁለቱ የእሱ ናቸው። ከዘጠኙ መካከል ስለ ኦሳይረስ መርከብ የመጨረሻ በረራ የሚተርከውን ያየ ሰው፣ በሁለተኛው የ«ማትሪክስ» ፊልም መጀመሪያ ላይ የመርከብ አዛዦቹ የሚነጋገሩበት መልእክት በማን ሕይወት እንደተገዛ ያውቃል። ያላየው ሰው ወሬውን ብቻ ይሰማል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እንዲህ ያለ ፊልም ስትጽፉ የአጭሩን ሥራ ስም፣ የዳይሬክተሩንና ከተቻለም የአኒሜተሮቹን ስም አስፍሩልን። የ1982ቱን፣ ከዚያ አኒሜሽኑን፣ ከዚያ የ2049ን ማየት እንደሚሻል ለአንባቢ ንገሩት። ጸሐፊያችሁም ፊልሙን ደግሞ የማየት ፍላጎት ካለው፣ መዝገብ ቤቱ ጋ ሲደርስ የዚያን ሠራተኛ ንግግር እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጠው እለምነዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ