እንግዳው ለመንደራችን ምን ትቶ ይሄዳል? የቱሪዝም ክበብ ዓመት

የዓለም ቱሪዝም ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 17 ከመስቀል በዓል ጋር ይገጥማል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት የትምህርት ቤታችን የቱሪዝም ክበብ አባላት ለበዓሉ ወደየቤታቸው ሲገቡ አንድ ጥያቄ አስይዤ ሸኘኋቸው፦ «ወደ አካባቢያችን የመጣ እንግዳ ምን ገዝቶ ሄደ?» ከስንቃቸው ጋር ይዘውት የተመለሱት መልስ በአብዛኛው «ምንም» የሚል ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በዚህች ቃል ላይ ነው።

በኅዳር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። ሴት ስለማይገባበት ሴቶቹ አባላት ውጭ ቀሩ፤ ከፍቷቸው ነበር። ሆኖም የዓመቱን ምርጥ ሥራ የሠሩት እነርሱ ናቸው። ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው የመጣውን መኪና ሁሉ በደብተር መዘገቡ። ጎብኚው ውኃውንም ምሳውንም ከከተማ ይዞ ይመጣል፤ ይሳለማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይመለሳል። ረከቦቷን ዘርግታ ጀበናዋን የጣደች አንዲት እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ስኒ እንኳ አልሸጠችም። ደብተሩ አሁንም በክበቡ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ያላነበበ ይጠይቀኝ።

በጥር የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጆቹ ሐሳባቸውን አቀረቡ፦ ጎብኚ በገበሬ ቤት ይደር፣ ይብላ፣ ይክፈል። አንድ አባት ተነሡና «እንግዳ አብልቼ ሒሳብ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን የአባትየውን ቃል እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። እንግዳን እግር አጥቦ ያሳደረ ሰው ደረሰኝ ቁረጥ ሲባል ቢያመው ምን ይደንቃል?

መፍትሔውን ያገኘነው ከሰሜን ወሎ፣ ከመቄት ነው። የመቄት ገበሬዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ በደጋው አፋፍ ላይ በአገሩ አሠራር ጎጆ እየሠሩ በእግር የሚጓዝ እንግዳ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ጓዙን የሚሸከመው የመንደሩ አህያ፣ ምግቡን የምታበስለው የመንደሩ ሴት ናት። ጎጆውንም ገቢውንም የሚያስተዳድረው ነዋሪው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ስለዚህ አስተናጋጇ እጇን ለገንዘብ ሳትዘረጋ እንግዳዋን በወጉ ትቀበላለች። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ስናስረዳ እኒያው አባት «እንዲህማ ከሆነ ደግ ነው» አሉን።

አንድ ነገር ላይ ግን ከልጆቹ ጋር ተከራክሬያለሁ። እርሻ ትቶ በቱሪዝም መኖር የሚል ዕቅድ አምጥተው ነበር፤ አልተቀበልሁም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ላሊበላ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ጦርነቱም ሲከተል ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ጠፍቶበት ስንቱ አስጎብኚና የሆቴል ሠራተኛ ተቸግሯል። የእንግዳ ገንዘብ ከምርቱ ላይ ይጨመር እንጂ ምርቱን አይተካ። እንግዳ ማለትም ፈረንጅ ብቻ አይደለም። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም፣ በመውሊድ በወሎ ወዳለው ጀማ ንጉሥ መስጊድ የሚተመው ሕዝብ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ማደሪያም ይሻል። ዘንድሮ ያልደረስንበት ሥራ ይኸው ነው።

በሰኔ፣ በትምህርት መዝጊያው ቀን፣ እናቶች የሰፉትን ሙዳይና አገልግል በአዳራሹ አቀረብን። ነጋዴ በገበያ ቀን በርካሽ የሚሰበስበው ዕቃ ነው። ልጆቹ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት አሰሩ፦ የሰፊዋ ስም፣ ቀበሌዋ፣ ስንደዶው የተነቀለበት ቦታ፣ አክርማው በምን እንደ ቀለመ፣ ስፌቱ ስንት ቀን እንደ ፈጀ። እስከ ቀትር ሁሉም ተሸጠ። አንዲት እናት ገንዘባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከበር ደርሰው ነበር፤ ተመልሰው መጡና ሙዳዩን የገዛውን ሰው «ልጄ፣ ወረቀቷን ለእኔ ተውልኝ» አሉት።