የሙያና ቴክኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማስታወቂያን መርምሮ ማንበብ

የሙያና ቴክኒክ ክበብ በዚህ የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው ከቀደሙት ዓመታት በወረሰው አሠራር ነው። አባላቱ ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚወጡ ዜናዎችን፣ የውድድር ጥሪዎችን፣ የአጫጭር ሥልጠናና የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያዎችን ከየቦታው እየሰበሰቡ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በሚገኘው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ፊቱ ቆሞ የሚያነብ ተማሪም አይታጣም። ይሁን እንጂ ሰሌዳ ወሬውን ያደርሳል እንጂ አንባቢው የቀረበለትን ዕድል እንዲመዝን አያስተምረውም። በመሆኑም በዓመቱ መጀመሪያ በተደረገው ስብሰባ አባላቱ የሚለጠፈውን ቁጥር ለመቀነስና እያንዳንዱን ጥሪ ከመለጠፉ በፊት ለመመርመር ተስማሙ። የዓመቱ ሥራ በአብዛኛው ከዚህ ውሳኔ የመነጨ ነው።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የተከፈተው በቀላል ጥያቄ ነበር። እያንዳንዱ አባል የሚያውቃቸውን ሙያዎች በወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲነበቡ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ አብራሪና የሶፍትዌር ባለሙያ የሚሉት በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል ተደጋግመው ተገኙ፤ ዝርዝሩም ብዙ ሳይርቅ አለቀ። ቀጥሎ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሚጠቀምበትንና እ.ኤ.አ. በ2008 የተሻሻለውን የሙያዎች ምደባ አቀረብንላቸው። ይህ ምደባ ሙያዎችን በ10 ዋና ዋና ክፍሎች ከፍሎ እስከ 436 ዝርዝር መደቦች ድረስ ያወርዳቸዋል። ተማሪዎቹ የጻፏቸውን ሙያዎች በየክፍሉ ሲያስቀምጡ አብዛኞቹ ከፍተኛ ባለሙያዎችን በያዘው በ2ኛው ክፍል ተከማቹ። የቴክኒሻኖች፣ የእደ ጥበብና የጥገና ሠራተኞች፣ የማሽን ኦፕሬተሮችና የገጣጣሚዎች ክፍሎች ግን ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

በዚህ ሥራ መካከል ክርክር ያስነሳው የአብራሪ ቦታ ነበር። ተማሪዎቹ ከሐኪሙና ከመሐንዲሱ ጎን ሊያስቀምጡት ሲሉ ምደባው በ3ኛው ክፍል፣ ማለትም በቴክኒሻኖችና ረዳት ባለሙያዎች መካከል መድቦት አገኙት። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ የራጅና የምስል መሣሪያ ቴክኒሻኑ እንዲሁም ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ባለሙያ ያሉት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ቴክኒክ የሚለው መስክ መፍቻና መዶሻ ብቻ ነው ብለው ያስቡ የነበሩ አባላት ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄያቸው ተለወጠ። በግሌ ከዓመቱ ስብሰባዎች ሁሉ ትልቁን ፍሬ ያፈራው ይህ ይመስለኛል፤ አንድም መሣሪያ ያልተነካበት፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ የፈለገ ስብሰባ ነበርና።

ችግሩ የእኛ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና የተገኘውን መረጃ መሠረት አድርጎ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በ41 አገሮች የሚገኙ የ15 ዓመት ወጣቶች 30 ዓመት ሲሞላቸው የት እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ከሴቶቹ 53 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 47 በመቶው የጠቀሱት ከ10 ተመራጭ ሙያዎች አንዱን ነበር። አባላቱ ይህን አኃዝ በትልቅ ወረቀት ጽፈው ከሰሌዳው ራስጌ አኖሩት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ በተራ አንድ አባል ከምደባው ውስጥ ያልተለመደ ሙያ መርጦ ሠራተኛው በቀን ውሎው ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚያስፈልገውና ወደ ሙያው በየት በኩል እንደሚገባ ያቀርብ ነበር። አንዳንዱ አቀራረብ ጥሩ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከኢንተርኔት ላይ የተገለበጠ መሆኑ ሲነበብ ያስታውቅ ነበር።

ከዜናዎቹ ሁሉ የአባላቱን ቀልብ የሳበው የዓለም የሙያ ውድድር ማለትም ወርልድስኪልስ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1950 በማድሪድ በስፔንና በፖርቱጋል ወጣቶች መካከል የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በ2024 በፈረንሳይዋ ሊዮን በተደረገው 47ኛው ውድድር ወጣቶች በ59 የሙያ ዓይነቶች ተወዳድረዋል፤ የ48ኛው አስተናጋጅነት ለ2026 ለሻንጋይ ተሰጥቷል። በአብዛኞቹ ሙያዎች የተወዳዳሪው ዕድሜ በውድድሩ ዓመት ከ22 መብለጥ የለበትም፤ ለጥቂቶቹ ጣሪያው 25 ነው። ተወዳዳሪ የሚቀርበውም በአባል አገሩ ድርጅት ተመርጦ እንጂ በግሉ አመልክቶ አይደለም። በመሆኑም “በቀጥታ እናስመዘግባችኋለን” የሚል ጥሪ ቢመጣ ተማሪው ምን ማለት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

ከዜናው ንባብ በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዳኞቹ አንደኛውን ከሁለተኛው በምን እንደሚለዩት ጠየቀች። ነጥቡ ከፊሉ በባለሙያ ግምት፣ ከፊሉ ደግሞ በልኬት እንደሚሰጥ፣ በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ማሽን እንደሚሠሩት ዓይነት የብረት ሥራዎችም በሚሊ ሜትር መቶኛ እየተለኩ እንደሚዳኙ ተነገራት። ይህን በቃል ብቻ ማለፍ ስላልፈለግን ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ቬርኒየር ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋዎቹ ይዞ ውፍረቱን የሚለካ ተንሸራታች ያለው መሣሪያ) ተውሰን፣ ለሁሉም አንዱን የብረት ዘንግ አቅርበን፣ እያንዳንዱ ሌላው ሳያየው ለክቶ ውጤቱን እንዲጽፍ አደረግን። ካሊፐሩ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያነብባል። ወረቀቶቹ ሲከፈቱ የዘንጉ ውፍረት ከ9.85 እስከ 10.10 ሚሊ ሜትር ይደርስ ነበር። አንድ ዘንግ፣ አንድ መለኪያ፣ የተለያዩ ቁጥሮች።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንዱ ሲለካ ሌሎቹ እጁን እንዲመለከቱ ተደረገ። የአንዱ መንጋጋ ዘንጉን የያዘው በሰያፍ ነበር፤ ሌላው ተንሸራታቹን ከሚገባው በላይ ይጫናል፤ ሦስተኛዋ አጥብቃ የያዘችውን ካሊፐር ከዘንጉ ላይ አውጥታ ስታነብ ተንሸራታቹ እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን ብሎን አላጠበቀችም። ከመለካታቸው በፊት መንጋጋዎቹን ገጥመው ዜሮው ከዜሮው መገናኘቱን ያረጋገጡት ጥቂቶች ነበሩ። የንባቡ ችግር ደግሞ ለብቻው ነበር፤ በተንሸራታቹ ላይ ካሉት መስመሮች ከዋናው መለኪያ መስመር ጋር ፍጹም የሚገጥመውን ለይቶ ማየት ዓይንን ከመሣሪያው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ መያዝን ይጠይቃል። ሥራው በቀጣዩ ስብሰባ ሲደገም ቁጥሮቹ እጅግ ተቀራረቡ። “የእጅ ሥራ ጭንቅላት አይፈልግም” የሚለውን የቆየ አባባል ለመሞገት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም። ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪም ከዚያ ወዲህ የክበቡ የመሣሪያ ኃላፊ ናት።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ ጥሪዎቹ ምርመራ ገባን። መመዘኛ ያስፈልገን ስለነበር የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ያጸደቀውን ጥራት ያለው የሥራ ላይ ልምምድን የሚመለከተውን 208ኛ የውሳኔ ሐሳብ መነሻ አደረግን። ሰነዱ የሥራ ላይ ልምምድ የሚለው በውል የሚመራ፣ ለሠልጣኙ ክፍያ ወይም ሌላ የገንዘብ ማካካሻ ያለው፣ በሥራ ቦታና ከሥራ ቦታ ውጭ የሚሰጥ ትምህርትን ያጣመረና ዕውቅና ወዳለው የብቃት ማረጋገጫ የሚያደርስ የተደራጀ ሥልጠናን ነው። አባላቱ ከዚህ ፍቺ ተነስተው ማንኛውም ጥሪ የሚጠየቃቸውን ጥያቄዎች አወጡ፦ የጽሑፍ ውል አለው ወይ፤ ከፋዩ ማን ነው፤ የሚያሠለጥነው ባለሙያ ማን ነው፤ የሚሰጠውን ወረቀት ከሰጪው በቀር ማን ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላስ ወደ የትኛው ደረጃ ያሳልፋል? የዕድሜ ጉዳይም ታክሎበታል፤ ምክንያቱም በዓለም አቀፍ ስምምነቶች አደገኛ ለሆኑ ሥራዎች የተቀመጠው መነሻ ዕድሜ በመርህ ደረጃ 18 ዓመት ስለሆነና ብዙዎቹ አባሎቻችን እዚያ ስላልደረሱ ነው።

ጥያቄዎቹ የተፈተኑት ወዲያውኑ ነበር። አንድ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ማስታወቂያ “ነፃ” የሚለውን በትልቁ ጽፎ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል የመመዝገቢያ፣ የመታወቂያና የምስክር ወረቀት ማሳተሚያ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። የምስክር ወረቀቱ “ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው” መሆኑን ቢናገርም የትኛው አካል እንደሚቀበለው አልጠቀሰም። የክበቡ ጸሐፊ ይህንኑ በደብዳቤ ጠየቀ፤ መልስ ሳይመጣ በመቅረቱ ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ቀረ። በተቃራኒው ብዙም የማያምር፣ በአንድ ገጽ ብቻ የተዘጋጀ የብየዳ ሥልጠና ጥሪ ጥያቄዎቹን በሙሉ አልፏል፤ የሥልጠናውን ሰዓት፣ የመከላከያ ልብሱን ማን እንደሚያቀርብና ምዘናውን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ሳይቀር ገልጾ ነበርና። ተማሪዎቹ በመልክና በይዘት መካከል ያለውን ርቀት ከእኔ ገለጻ ይልቅ ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ተምረዋል።

በወላጆች ቀን የቀረበልን ጥያቄ በየዓመቱ የሚነሳው ነው፤ ልጄ ወደ ቴክኒክና ሙያ ከገባ የዩኒቨርሲቲ በር ይዘጋበታል ወይ የሚለው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በየአገሩ ሥርዓት ይለያያል። አባላቱ ለንጽጽር ሁለት አገሮችን አቅርበዋል። በጀርመን ከ300 በላይ በሆኑ ዕውቅና ባላቸው ሙያዎች ሠልጣኙ ከአሠሪ ጋር ውል ፈርሞ የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቦታ፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ሥልጠናው እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። ይህን የሚገዛው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በስዊዘርላንድ ከግዴታ ትምህርት በኋላ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወደ ሙያ ሥልጠና ይገባሉ፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከሙያ ሥልጠናው ጋር ተያይዞ የሚሰጥ የማጠናቀቂያ ፈተና ስላለ፣ ያንን ያለፈ ሠልጣኝ ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች መግባት ይችላል። በሩ የሚዘጋው መንገዱ የተቋረጠ እንደሆነ እንጂ መነሻው ሙያ ስለሆነ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህም ወላጆች ከማንኛውም ተቋም ጋር ሲነጋገሩ “ከዚህ የወጡ ተማሪዎች ወደ የትኛው ደረጃ ተሻግረዋል?” ብለው እንዲጠይቁ አሳስበናል። ይህን ስል ከወላጆች መካከል “ውጤቱ ላላሟላለት ተማሪ ብቻ ነው” የሚለውን አመለካከት ይዘው የተመለሱ እንዳሉም አውቃለሁ።

ሌሎቹን ሥራዎች ባጭሩ ላንሳ። ከሙያው ዓለም የጋበዝናቸው እንግዶች ሦስት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዷ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ከሥራቸው ግማሹ የተበላሸውን መጠገን ሳይሆን ተጠቃሚው መሣሪያውን በምን ሁኔታ እንደተጠቀመበት በትዕግሥት መጠየቅ እንደሆነ ሲናገሩ አዳራሹ በጸጥታ ያዳምጥ ነበር። ሴቶች አባላት ከስብሰባው በኋላ ከበዋቸው ብዙ ጥያቄ አቅርበውላቸዋል። በኮምፒዩተር ክፍሉ ደግሞ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚን ነፃ የመግቢያ ኮርሶች ተከታትለዋል፤ ቲንከርካድ በተሰኘው ነፃ መሣሪያም የኤሌክትሪክ መስመሮችን በስክሪን ላይ ገጥመው ሞክረዋል። ኮርሱን ከጀመሩት ሁሉም አልጨረሱም፤ የኢንተርኔቱ መቆራረጥ አንዱ ምክንያት ነው፤ የፈተና ወቅት መደራረብ ሌላው። የዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርእይ በተማሪዎች የተሠሩ የመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) መለማመጃ ሰሌዳዎችንና የሙያዎች ምደባ ሠንጠረዥን ይዞ ቀርቧል።

ለመጪው ዓመት የተዘጋጀው ዋና ቅርስ የዕድሎች መዝገብ ነው። በመዝገቡ እያንዳንዱ ጥሪ የመጣበት ቀን፣ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን፣ ለጥያቄዎቹ የተገኙት መልሶችና ያመለከቱት ተማሪዎች ብዛት ይሰፍራሉ፤ የአመልካቾቹ ስም ግን አይጻፍም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰነው የዓለም የወጣቶች የክህሎት ቀን ሐምሌ 15 እ.ኤ.አ. የሚውል በመሆኑ በዕረፍት ጊዜ ያልፍብናል፤ ስለዚህ አዲሱ ኮሚቴ ትምህርት ሲጀመር በራሱ ፕሮግራም ሊያከብረው አቅዷል። ክበቡ ከትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የራሱ የሆነ ካሊፐርና መሣሪያ የሚቆለፍበት ቁም ሣጥን። መዝገቡ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዘንድ ይገኛል፤ ጥሪ ያገኘ መምህር፣ ወላጅ ወይም ተማሪ ዋናውን ወረቀት ወይም ቅጂውን ለክበቡ ጸሐፊ ቢያደርስ፣ ተመርምሮ በሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ ላይ ይቀርባል።